ውሃ ሳይበዛበት፦ ለልጆች የፍራፍሬ አይስክሬም በቤት ውስጥ

ባለ እንጨት የፍራፍሬ አይስክሬም ቤት ውስጥ ተሠርቶ ሲበላሽ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ፍሬውም ፍሪጁም አይደለም፤ ውሃው ነው። ጁስ ማቅጠን የለመደ እጅ ለአይስክሬሙም አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያክልበታል። ለሚጠጣ ነገር ችግር የለውም። ሲበርድ ግን ድንጋይ ይሆናል፤ ልጁ ጥቂት ጊዜ ሲመጠው ጣዕሙና ቀለሙ ቀድሞ ወጥቶ ያልቅና እንጨቱ ላይ ነጭ በረዶ ብቻ ይቀራል። ያን በረዶ አይቶ «አልፈልግም» የሚል ልጅ እውነት አለው።

ሁለተኛው ጣጣ ጤና ነው። ቅዝቃዜ ብዙውን ጀርም አይገድልም። ታይፎይድ የሚያመጣ ውሃ በረዶ ሲሆን ጀርሙ ባለበት ይቆያል፤ በልጁ ሆድ ውስጥ ሲሞቅ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ባሉት አሠራሮች ሁሉ ውሃ የሚገባው ካስፈለገ ብቻ ነው፤ ሲገባም ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ይበቃል። ከታች ጀምሮ እስኪንተከተክ ድረስ ጠብቁ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ አቆዩትና ሳትከፍቱ አቀዝቅዙት።

አሁን ስለ ጥንካሬው። ድብልቁ ሲበርድ መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ንጹሑ ውሃ ነው። ስኳሩ፣ የሎሚው አሲድና የፍሬው ሥጋ በበረዶ ቅንጣቶቹ መካከል ወደቀረው ፈሳሽ ይገፋሉ። ይህ ስኳር የጠገበ ፈሳሽ በቤት ፍሪዘር ቅዝቃዜ ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ ጥርስ እንዲገባ የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳር ሲያንስ ድንጋይ ይሆናል፤ ሲበዛ ደግሞ ሌሊቱን አድሮም እንጨት የማይዝ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። የፍሬው የራሱ ስኳር ተቆጥሮ ከጠቅላላው ክብደት ከ15 እስከ 18 በመቶ የሚሆን ስኳር ጥሩ ልክ ነው። የበሰለ ማንጎ በራሱ 14 በመቶ ገደማ ስኳር አለው፤ ሙዝ 12፣ ብርቱካንና ዘይቱን 9፣ ፓፓያ 8፣ ሐብሐብ 6 ገደማ። ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ይመዝናል ብላችሁ ካሰላችሁ ቀሪው ቀላል ሂሳብ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው በምላሱ ይፍረድ፦ ድብልቁ ሳይበርድ ሲቀመስ በትንሹ ከሚፈለገው በላይ ጣፋጭ መሆን አለበት። ምላስ በብርድ ጣፋጭነትን አሳንሶ ነው የሚሰማው።

ከማንጎ እንጀምር፤ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ ፍሬ የለም። በጣና ዙሪያ ማንጎ የሚበዛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ለዚህ ሥራ ትልልቅና ቃጫ የለሽ ከሆነው የተሻሻለ ዝርያ ይልቅ ትንሹን የአገር ማንጎ እንመርጣለን። ቃጫው ይጠላል እንጂ ሽታው ያየለ ነው፤ ብርድ ደግሞ ሽታን ስለሚደፍን ደማቁ ፍሬ ያዋጣል። ቃጫውን ማጥለያ ይይዘዋል። ስትገዙ በግንዱ በኩል አሽትቱት፤ ካልሸተተ አልደረሰም። ልጣጩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚተወው ተባይ የነካው ማንጎ መልኩ ቢያስጠላም ሥጋው ደህና ከሆነ ይሠራል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አጥባችሁ ልጣጩን ወፍራም አድርጋችሁ ላጡት። ውስጡ የጠቆረ ወይም የጠላ ጠላ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ተውት፤ መፍላት ጀምሯል።

ልኩ ይህ ነው፦ የተላጠና ፍሬው የወጣለት ማንጎ 500 ግራም፣ ስኳር 2 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል፣ ጨው በሁለት ጣት ቁንጥር። ውሃ የለም። ከማንጎው ክብደት ግማሽ ያህሉን ልጣጭና ፍሬ ስለሚወስደው ከገበያ አንድ ኪሎ መግዛት ይበቃል። ሁሉንም አንድ ላይ በብሌንደር ፍጩት፤ ስኳሩ ሟሙቶ በጣት መካከል ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ የማይል መሆን አለበት። ያልሟሟ ስኳር ወደ ታች ይዘቅጥና የኩባያው ግርጌ ጭቃ፣ አናቱ ድንጋይ ይሆናል። ብሌንደሩ ካልዞረ ውሃ ከመጨመር ይልቅ አጥፉትና በማንኪያ ገልብጡት፤ ወይም የሎሚውን ጭማቂ ከታች አድርጋችሁ ማንጎውን በትንሽ በትንሹ አስገቡ። ከዚያ በሽቦ ማጥለያ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ አጥልሉት። ብሌንደር የሌለው ቤት በጣም የበሰለውን ማንጎ በእጅ አሽቶ በማጥለያው ቢያሳልፈው ያው ነው፤ እንዲያውም አረፋ ስለማይገባበት ጠበቅ ያለ ይወጣል።

ሎሚው ለምንድን ነው ብሎ የሚዘለው ሰው አለ። አይዘለል። የማንጎ ጣፋጭነት ያለ ኮምጣጣ ሲበርድ ደንዛዛ ይሆናል፤ ከዘጌ የሚመጣ ትንሽ ሎሚ አንዱ ብቻ ሙሉውን ድብልቅ ያነቃዋል። ጨውም እንዲሁ፤ በምላስ የሚታወቅ መሆን የለበትም።

ኩባያው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ይሁን፤ ከላይ ያለው ልክ ስምንት ያህል ይሞላል። የተገዛ ቅርጽ ከሌለ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የታጠበ የእርጎ ዕቃ፣ ለሕፃናት ደግሞ የበረዶ መሥሪያ ትሪ ይሆናል። አፉ ከግርጌው የሰፋ መሆን አለበት፤ አለዚያ አይወጣም። ብርጭቆ አትጠቀሙ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥርጣሪውም በአይስክሬም ውስጥ አይታይም። በዚሁ ምክንያት ኩባያውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ከሞላችሁ በኋላ እያንዳንዱን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ፤ የታፈነ አየር ይወጣል። ካልወጣ ጎኑ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል።

እንጨቱስ? በከተማው ሱፐርማርኬቶችና የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች ጠፍጣፋው ዓይነት ሲገኝ እሱን ግዙ፤ ሲታጣ አጭር የፕላስቲክ ማንኪያ በእጀታው በኩል ወደ ላይ ይተከላል። የጥብስ መውጊያ ሹል እንጨት ለልጅ አይሰጥም፤ ጫፉ ቢቆረጥም ስንጥሩ አይታመንም። ከአጥር የተቆረጠ ጭራሮማ አይታሰብ። ቅንጭብ በአጥርነት በበዛበት አገር የማይታወቅ እንጨት በልጅ አፍ ማድረግ ትልቅ ሞኝነት ነው፤ የቅንጭብ ወተት አፍንም ዓይንንም ያቃጥላል። የተገዛውን እንጨት ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሉት፤ ይጸዳል፣ ውሃ ስለሚጠጣም ወደ ላይ አይንሳፈፍም። ድብልቁ ወፍራም ከሆነ ወዲያው ይቆማል። ቀጭን ከሆነ ኩባያውን በአልሙኒየም ወረቀት ሸፍናችሁ መሐሉን በቢላ ጫፍ ብሱና በዚያ አሳልፉት፤ ወይም ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁና መቆርፈድ ሲጀምር ትከሉት። ከሦስት እጅ ሁለቱ ውስጥ ይግባ። ለእጅ ብዙ ቦታ የተተወለት እንጨት የመጀመሪያው ንክሻ ላይ ተነቅሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። ቀስ ብሎ የበረደ ነገር ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ያወጣል፤ ቶሎ የበረደው ደቃቅ። አሸዋ አሸዋ የሚል አይስክሬም ቀስ ብሎ የበረደ ነው። ስለዚህ ድብልቁን መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ የፍሪዘሩን መቆጣጠሪያ ከጥቂት ሰዓት በፊት ወደ መጨረሻው ብርድ አዙሩት። ኩባያዎቹን በብረት ወይም በአልሙኒየም ትሪ ላይ አድርጋችሁ ከፍሪዘሩ ወለል ጋር አገናኙት፤ ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይወስደዋል። ግድግዳው ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ በረዶ ከጋገረ መጀመሪያ አጥፍታችሁ አሟሙት፤ ያ ጋገራ ብርዱን ይከለክላል። በቢላ አትፈልፍሉት፤ ቧንቧው ይበሳል። ለብቻው በር ያለው ፍሪዘር በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሠራ ባለ 70 ሚሊ ሊትሩን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል። የአንድ በር ፍሪጅ የላይኛው በረዶ ቤት ግን ይህን ያህል አይበርድም፤ ሌሊቱን ያሳድሩት፣ ስኳሩንም በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱለት። ማታ ማስገባት ለሁለቱም ይሻላል፤ በሩን የሚከፍት የለም።

ባሕር ዳር ላይ ለብቻው መነሣት ያለበት ነገር ዓሣ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሌለበት ፍሪዘር ጥቂት ነው። አይስክሬም፣ በተለይ ሙዝና አቮካዶ ያለበት፣ ሽታ ይስባል፤ የጥሬ ዓሣ ውሃ ከነካው ደግሞ ነገሩ ከሽታም ያልፋል። አይስክሬሙ ከላይ፣ ዓሣው ከታች፣ ዓሣው በደንብ በታሰረ ፌስታል ወይም ክዳን ባለው ዕቃ። ኩባያዎቹም ይሸፈኑ። የበርበሬና የለጋ ቅቤ ዕቃም ከአጠገቡ ይራቅ።

ሙዝ ከማንጎ ቀጥሎ የሚመች ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚገኝና ውስጡ ያለው ወፍራም ነገር ያለ ወተት ክሬም ክሬም ስለሚያስመስለው። ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም የጾም አሠራር መያዝ ግድ ነው፤ በክረምትም ፍልሰታን ልጆችም ይጾማሉ። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣ ሙዝ 4 (ተላጥቶ 400 ግራም ገደማ)፣ የበሰለ አቮካዶ ግማሽ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ስኳር አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ፈጭታችሁ ወዲያው ወደ ኩባያ ቅዱት፤ ሙዝ ከአየር ጋር በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፣ ሎሚው የሚያዘገየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አረንጓዴ ሙዝ ከተጠቀማችሁ ምላስ የሚያስር ጣዕም ይተዋል። ኦቾሎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ልጅ ካለ በአይስክሬም አታስጀምሩት፤ ለብቻው ጥቂት ቀምሶ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር እንደማያመጣበት ይታይ። አቮካዶውን አታብዙት፤ ቅባቱ ልስላሴ ይሰጣል፣ ከግማሽ ሲያልፍ ግን ልጆች «ሳሙና ሳሙና ይላል» ይላሉ።

ፓፓያ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ከወተት ጋር ሲያዋህደው ነው። እሳት ያልነካው ፓፓያ የወተትን ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም አለው፤ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ተፈጭቶ ጥቂት ሲቆይ መራራ ይሆናል። ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። አናናስም እንደዚያው። ወተት ካስፈለገ ፓፓያውን ቆራርጣችሁ እስኪንተከተክ ለአምስት ደቂቃ ያህል አብስሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ አዋህዱት። የኛ ምርጫ ግን ወተቱን መተው ነው፦ 500 ግራም ፓፓያ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ቁንጥር ጨው። ሎሚ ያነሰበት ፓፓያ በልጆች ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ሐብሐብ ሲያዩት የሚያጓጓ፣ ሲበርድ ግን አስቸጋሪው ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ለ500 ግራም 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይፈልጋል፤ እንደዚያም ሆኖ አሸዋ አሸዋ ይላል። እዚህ ላይ ተልባ ይረዳል። ያልተቆላ ሙሉ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ለአስር ደቂቃ ያህል ቀቅሉ፤ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲልመዘመዝ ትኩሱን አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አያልፍም። ከዚህ ልምዝምዝ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ በ500 ግራም ፍሬ ላይ ሲገባ ውሃውን ይይዘዋል፤ የበረዶው ቅንጣት አያድግም፣ አይስክሬሙም እንደበፊቱ ቶሎ አይንጠባጠብም። የተቆላውና የተፈጨው ተልባ ለዚህ አይሆንም፤ ሽታው ፍሬውን ይውጠዋል። ተልባው ለብርቱካንና ለፓፓያም ይሠራል። ለማንጎና ለሙዝ አያስፈልግም።

ውስጡ ሮዝ የሆነው ዘይቱን ጥሩ ሽታና ቀለም አለው፤ ችግሩ ዘሩ ነው። በብሌንደር ብዙ አታስፈጩት፤ ዘሩ ሲሰባበር ድብልቁ ሁሉ ደቃቅ ጠጠር ይሆናል። ቆራርጣችሁ በጥቂት ውሃ ለአስር ደቂቃ ቀቅሉት፣ በማንኪያ ጨፍልቁና በማጥለያ አሳልፉት። ጊሽጣ ደግሞ ዘሩ መርዛማ ስለሆነ በጭራሽ ከነዘሩ ወደ ብሌንደር አይገባም፤ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል። ለዚያ ትዕግሥት የሌለው በማንኪያ ይብላው። ዶቅማ በሚደርስበት ወቅት እፍኝ ሙሉውን አሽታችሁ፣ ፍሬውን ለይታችሁ ጭማቂውን ከሙዙ ጋር ብታዋህዱት ከሱቅ ቀለም የሚሻል ሐምራዊ ይሰጣል። ልብስ ላይ ከነካ ግን አይለቅም፤ ልጆቹን ቀድማችሁ አሮጌ ልብስ አልብሷቸው።

ልጆች በጣም የሚወዱት በጁስ ቤት እንደሚያዩት ስፕሪስ በየንብርብሩ የተለያየውን ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ማንጎ እስከ ሲሶ፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይብረድ። ላዩ ሲነካ የማይፈስ፣ ሲጫኑት ግን የሚሰረጉድ ሲሆን የቀዘቀዘ የአቮካዶ ድብልቅ ጨምሩ፤ ያኔ እንጨቱን ትከሉ። እንደገና እስኪይዝ ጠብቃችሁ በፓፓያ ጨርሱት። የመጀመሪያው ንብርብር ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከቆየ ቀጣዩ አይጣበቅበትም፤ ልጁ ሲነክሰው አንዱ ተሰብሮ መሬት ላይ ይወድቃል። ቀድማችሁ ካፈሰሳችሁ ደግሞ ይቀላቀልና ቡናማ ይሆናል። ለአቮካዶው ንብርብር አንድ መካከለኛ አቮካዶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚና 4 የሾርባ ማንኪያ የፈላ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል።

የፍስክ ቀን እርጎ ያምራል። ወተቱ ፈልቶ የተሠራ መሆኑን እወቁ፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ለትንሽ ልጅ አይሆንም። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አንጠልጥላችሁ ሁለት ሰዓት ውሃውን አስወርዱ፤ ከዚያ 200 ግራሙን ከ300 ግራም ማንጎና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር አዋህዱ። ያልተንጠለጠለ እርጎ ያው የውሃውን ችግር ይዞ ይመጣል።

ንጽሕናን በተመለከተ ከውሃው ሌላ ቢላው አለ። ያልታጠበ ልጣጭ ላይ ያለፈ ቢላ ቆሻሻውን ወደ ሥጋው ያስገባል፤ የሚላጠውም ፍሬ ይታጠባል። ውሃ ማከሚያ ጠብታ የምትጠቀሙ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ። መንገድ ላይ ተቆርጦ ዝንብ ሲያርፍበት የዋለ ሐብሐብ ወይም ፓፓያ ለዚህ አይገዛም፤ አይስክሬም አይበስልም፣ ማስተካከያ ዕድል የለውም።

ሲወጣ ኩባያውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። መጠምዘዝ እንጨቱን ብቻ ያወጣዋል። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ላዩ ይቀልጥና ቅርጹ ይበላሻል። የሚበላውን ብቻ አውጡ፤ የሚቆየውን ከኩባያው አላቃችሁ እያንዳንዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አየሩን አስወጥታችሁ መልሱት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ሲቆይ ላዩ ላይ ነጭ ውርጭ ያበቅላል፤ አይጎዳም፣ ጣዕሙ ግን ሄዷል።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሙሉ የሆነና ያልተከፈተ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ብርዱን ይይዛል፤ የፍሪጅ ላይኛው ትንሽ በረዶ ቤት ግን ይህን ያህል አይቆይም። ቤት ሳትኖሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ለማወቅ አንድ ኩባያ ውሃ አብርዳችሁ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ችግር የለም፤ ወደ መሐል ወይም ወደ ግርጌ ሰምጦ ከበረደ ሁሉም ቀልጦ እንደገና የበረደ ነው። በከፊል የቀለጠና ገና በረዶ ያለበት ተመልሶ ቢበርድ አይጎዳም፤ ልስላሴው ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ የቀለጠ የፍራፍሬ ብቻ ከሆነና ገና ቀዝቃዛ ከሆነ በዚያው ሰዓት እንደ ጁስ ይጠጣ። እርጎ ወይም ወተት ያለበት ቀልጦ ምን ያህል እንደቆየ ካልታወቀ ይደፋል።

ለሕፃናት ጥቂት ልዩነት አለ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስኳር አትጨምሩ፤ ማንጎና ሙዝ ግማሽ በግማሽ ያለ ስኳር ለስላሳ ሆኖ ይበርዳል። ከአንድ ዓመት በታች ማር በምንም መልኩ አይሰጥ፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ ብርድም አይገድለውም። ሙሉ የወይን ፍሬ፣ ያልተፈጨ ኦቾሎኒና ድርቅ ያለ የፍሬ ቁራጭ አይስክሬም ውስጥ ለጌጥ ብለው የሚጨምሩ አሉ፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል። ባለ እንጨቱን ይዞ መሮጥ አይፈቀድም፤ ተቀምጦ ነው የሚበላ። ከፍሪዘር እንደወጣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረፍ። እጅ ላይ እንዳይንጠባጠብ የወረቀት ኩባያ ግርጌ በስታችሁ እንጨቱን በዚያ አሳልፉት።

ፍሪዘር የሌለው ቤትም ይሠራል፤ ግን በማንኪያ የሚበላውን እንጂ ባለ እንጨቱን አይደለም። አንድ ኪሎ የተሰባበረ በረዶና 300 ግራም ያልደቀቀ ጨው ባልዲ ውስጥ አቀላቅሉ። ጨው በረዶውን ሲያቀልጠው ብርዱ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። 250 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ የማንጎ ድብልቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ በረዶው መሐል ቅበሩት፤ የጨው ውሃ ከክዳኑ በላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። በየሦስት አራት ደቂቃው ከፍታችሁ ከግድግዳው ላይ የያዘውን በማንኪያ ወደ መሐል እየፋቃችሁ መልሱ። ካልተፋቀ ዳሩ ድንጋይ፣ መሐሉ ጁስ ሆኖ ይቀራል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ባልዲውን ልጆች በባዶ እጅ አይንኩት፤ ያ ብርድ ቆዳ ያቃጥላል። የተረፈውን የጨው ውሃ ጓሮ አትድፉት፤ ጌሾውንም ሎሚውንም ያደርቃል። ወደ ፍሳሽ ነው የሚሄደው።